በአንድ ምስማር ሁለት ገመድ

ጉናሲሊ ጠዋት ጠዋት ሻይዋን ከመቅመሷ በፊት የጣቶቿን ጫፍ ውሃ ውስጥ ነከር ታደርግና መዳፎቿን አንድ ጊዜ ታሻሻለች። ቀኙ መዳፍ በግራው ላይ ቀስ ብሎ ወደ ፊት ይሄዳል፤ መንገዱ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ ሁለቱንም እጆቿን ገልጣ፣ አንድ ነገር እንደጠፋባት ሰው ታያቸዋለች። ምንም የለባቸውም። ስኒውን ታነሳለች።

ጎረቤት ጸሎት ይመስለዋል። የእህቷ ልጅ ሳንዱኒ ግን እያየችው ስላደገች ነገሬ አትለውም። «ትልቋ እናቴ እጇን እያሞቀች ነው» ትላለች፣ ገና በማለዳው ጀርባ በሚያልብበት አገር።

ጸሎት አይደለም፤ መፍተል ነው። ከባሕር ጋር ከሚገናኘው ሐይቅ ዳር ባለው በዚያ መንደር ሴት ልጅ ከእናቷ ጉልበት ሥር ቁጭ ብላ መጀመሪያ የምትማረው ይኸንኑ ነው፤ መዳፍን ማራስ፣ ቃጫውን መሃል ማድረግ፣ ማሸት። ወንዱ ዛፍ ላይ ወጥቶ ኮኮናቱን ያወርዳል፤ ፍሬው ለገበያ ይሄዳል፤ የቀረው ቅርፊት የሴቶቹ ነው። ሴቶቹ ቅርፊቱን ውሃው ዳር በተቆፈረ ጉድጓድ ይከቱታል፣ በቅጠልና በጭቃ ይከድኑታል፣ ድንጋይ ይጭኑበታል። ባሕሩ ሲሞላ ጨዋማው ውሃ ይገባል፤ ሲጎድል ይወጣል። እንዲህ እየገባና እየወጣ ዓመት ሊሞላው ሲል ቅርፊቱ ይበሰብሳል። ጉድጓዱ ሲከፈት ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል፤ እነሱ ግን ለምደውታል። ዳር ላይ ተቀምጠው በእንጨት ቆመጥ ሲወቁት ከጥቁሩ ብስባሽ ውስጥ የሕፃን ፀጉር የመሰለ ነጣ ያለ ቃጫ ይወጣል። ያ ቃጫ ታስሮ በመርከብ ይሄዳል። ወዴት እንደሚሄድ፣ ምን ያህል እንደሚሄድ፣ ከማን እንደሚበልጥ ለማወቅ እንቅልፍ የሚያጣው ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር።

እሱም የፈታዮቹ ማኅበር መጋዘን ሹም አልቢን ነው። ሴቶቹ «ማሃትያ» ይሉታል፣ ጌታው እንደ ማለት። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሳቁን እንኳ የሚቆጥብ ሰው። ነገሩን የጀመረው በወጣትነቱ ነው። በየዓመቱ የሚያዝያው አዲስ ዓመት ሲቃረብ አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ ዋናው ከተማ፣ ወደ ኮሎምቦ፣ ይሄዳል፤ በዚያ ዓመት ደሴታቸው ምን ያህል ቃጫ ወደ ውጭ እንደላከች፣ ህንድም ምን ያህል እንደላከች ጠይቆ ይመለሳል። ለአገሩ ከሐይቁ የወጣውን ነጭ ቃጫ፣ ለህንድ ደግሞ ሳይነከር የተቀጠቀጠ ቡናማ ቃጫ በሚዛን ይሰፍራል። ብዙ የላከች አገር ብዙ ቃጫ ታገኛለች። በአዲሱ ዓመት፣ ኮከብ ቆጣሪዎቹ ሥራ ይጀመርበታል ያሉት ሰዓት ሲደርስ፣ በመጋዘኑ የመጀመሪያው ሥራ እነዚያን ሁለት ክምሮች በእጅ ፈትሎ ሁለት ገመድ ማድረግ ነው። ገመዶቹ ጎን ለጎን በአንድ ምስማር ይሰቀላሉ። ለከርሞው ሌላ ምስማር ይመታል።

ውፍረታቸው እንዳይለያይ አልቢን ሁለቱንም በአንዲት የብረት ቀለበት ውስጥ ያሳልፋቸዋል። ያለፈ ገመድ ትክክለኛ ገመድ ነው። «ግድግዳ አይዋሽም፣ የሚዋሸው ሰው ነው» ይላል።

የአገራቸውን ገመድ እንድትፈትል ጉናሲሊ ተመረጠች፤ እጇ እኩል ነበር፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት። የህንድን የሚፈትል ግን ጠፋ። ለባዳ ማን ይፈትላል? ሁሉም ወደ መሬት ሲያዩ የጉናሲሊ ታናሽ እህት ካንቲ፣ ገና ኮረዳ፣ አርፍዳ እየሮጠች ገባች።

«ያረፈደ ህንድ ነው!» አለች ፖዲ ኖና። ፖዲ ኖና በመጋዘኑ በዕድሜ ትልቋ ናት፤ ምላሷ ከቆመጧ ይብሳል።

«ምን አጠፋሁ?» አለች ካንቲ።

«ምንም። ከዛሬ ጀምሮ ህንድ ነሽ።»

ካንቲ አልተኮሳተረችም። «እንግዲያው ትልቅ አገር ነኝ፤ ቦታ ልቀቁልኝ!» ብላ በዳሌዋ እየገፋች መሃላቸው ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ስሟ ህንድ ሆነ። እህትማማቾቹ በየዓመቱ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው አንዷ ለአገሯ፣ አንዷ ለባዳ ይፈትላሉ። አንድ ደንብ ብቻ አለ፤ የአንዷን ገመድ ሌላዋ አትነካም። የነካች የአገሯን ዕድል አሳልፋ ሰጠች ይባላል። ጉናሲሊ ያንን ደንብ እንደ ሃይማኖት ጠበቀችው።

በበሩ በኩል ባሉት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምስማሮች ላይ ነጩ ገመድ መሬት ይጠርጋል፤ ቡናማው ደግሞ እንደ ትንሽ ልጅ ሹሩባ ከላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሴቶቹ ከፊቱ ባለፉ ቁጥር «ይቺን ማን ሸለታት?» እያሉ ይስቃሉ፤ ካንቲም «ታድጋለች፣ ታድጋለች፣ አትሳቁባት» እያለች ለህንድ ትከራከራለች። እውነትም አደገች። ከበሩ ወደ ውስጥ በተራመዱ መጠን ቡናማው ወደ ወገብ፣ ከወገብ ወደ ጉልበት ይወርዳል፤ ነጩ ደግሞ መሬቱን እየለቀቀ ወደ ላይ ይሰበሰባል። ህንዶቹ ያልተነከረ ቅርፊት አላምጦ ቃጫ የሚተፋ መኪና አብዝተዋል፣ ለፍራሽ የሚሆን ቃጫ ወደ ምሥራቅ በመርከብ ሙሉ ይልካሉ ይባላል። እዚህ ደግሞ የባሕሩ ማዕበል ጉድጓዶቹን በአሸዋ ከደፈናቸው ወዲህ እስከ ወገቡ ጥቁር ውሃ ውስጥ ቆሞ አሸዋ የሚያወጣ ጎልማሳ አልተገኘም። ጎልማሳው ባለ ሦስት እግር ታክሲ ይነዳል። ቅርፊቱን የጭነት መኪና ከየደጁ እየለቀመ ወደ ሩቅ ፋብሪካ ይወስደዋል። በመጋዘኑ ድሮ ትከሻ ለትከሻ ተፋፍገው ይፈትሉ በነበሩት ሴቶች መካከል ነፋስ ይገባ ጀመር።

የካንቲ ባል ሥራ ልፈልግ ብሎ ኮሎምቦ ሄዶ በዚያው ቀለጠ። ካንቲ ሕፃኗን ሳንዱኒን ይዛ ወደ ጉናሲሊ ቤት ተመለሰች። ጉናሲሊ ባል አላገባችም፤ ልጅ የላትም። ሁለቱ እህትማማቾች በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነው ሕፃኗን በየተራ ያቅፋሉ። ካንቲ የቤቱ ድምፅ ነበረች፤ ሩዙ ሲያንስ «ዛሬ ድስቱም ጾመኛ ነው» ትላለች፣ ጣሪያው ሲያፈስ «ሐይቁ ሊጠይቀን መጣ» ትላለች። ጉናሲሊ ከተወለደች ጀምሮ ዝምተኛ ናት። እህቷ ዘግይታ የተሰጠቻት አንደበት ትመስላት ነበር።

እና አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ቃጫ እያበጠሩ ሳለ ፖዲ ኖና ነገር ቆሰቆሰች።

«ካንቲ፣ ደላላው ቤትሽ ገባ አሉ።»

«ገባ። ሻይ ጠጣ። ስኳር አበዛ።»

«ኩዌት ነው የሚልክሽ?»

«ኩዌት። በጣም ይሞቃል አሉ።»

«እዚህስ በረዶ ይዘንባል እንዴ?»

ሁሉም ሳቁ። ጉናሲሊ ብቻ እጇ ቀጥ አለ። ነገሩን የሰማችው ያኔ ነው፤ ሻዩን ያፈላችው እሷ ስትሆን እንግዳው የእድር ሰው መስሏት ነበር።

«ናንጊ፣ ምንድን ነው የምትዪው?» አለች። ታናሽ እህት በእነሱ ዘንድ ናንጊ፣ ታላቋ ደግሞ አካ ናት።

«ምን አልኩ አካ? ሰው ሁሉ ይሄድ የለ።»

«ልጅቱስ?»

«ላንቺ ነዋ! ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ፤ ቁጭ ብለሽ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ቀልድ አይደለም።»

«እኔም አልቀለድኩም።» ካንቲ ቀና ብላ ግድግዳውን አየች። ያለፈው ዓመት ሁለቱ ገመዶች እኩል ለእኩል ሊሆኑ ትንሽ ቀርቷቸው ተሰቅለዋል፤ ነጩ በጥቂቱ ይረዝማል። «በሉ እሺ፣ ግድግዳው ይፍረደን። በአዲስ ዓመት የእኛ ገመድ ከበለጠ እቀራለሁ፤ ገና እንጀራ አለን ማለት ነው። የህንድ ከበለጠ እሄዳለሁ። ማሃትያ፣ ምስክር ሁን!»

አልቢን ከጠረጴዛው ቀና ሳይል «እንዲህ ባለ ነገር በገመድ አይወራረዱም» አለ። ግን ቃሉ ወጥቷል። በመጋዘኑ፣ ከገመዶቹ ሥር የተነገረ ቃል መሬት አይወድቅም። ሴቶቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ ካንቲን ሲያዩ ወደ ግድግዳው ያያሉ፤ ግድግዳውን ሲያዩ ካንቲን።

ጉናሲሊ በዚያ ዓመት የእናታቸውን ጉድጓድ አሸዋ በራሷ ጠረገች። ሌሎቹ የተዉትን እሷ በዘንቢል እየቀዳች፣ ወገቧ እስኪንቀጠቀጥ ጠረገችና በቅርፊት ሞላችው። አንድ ጉድጓድ የአገር ገመድ እንደማያረዝም ታውቃለች። ልብ ግን እንዲህ ያለውን ሒሳብ አይቀበልም። ባሕሩ በሞላ ቁጥር ዳር ቆማ ውሃው ሲገባ ታያለች፤ ድንጋዮቹን በእግሯ ትነካካለች፤ «አደራ» ትላቸዋለች። ማታ እራት ላይ እህቷ ስትስቅ ድምፁን ልታስቀረው እንደምትፈልግ ሰው ትሰማለች። «አትሂጂ» የሚለው ቃል ስንት ጊዜ ከምላሷ ጫፍ ደርሶ ተመለሰ። ብትለው ካንቲ «ምን ልንበላ?» እንደምትላት ታውቃለች። ስለዚህ ነገሩን ለገመዱ ተወችው።

በዓሉ ሊገባ ሲል አልቢን ከከተማ ተመለሰ። ዝናብ ይዘንባል፤ ጃንጥላውን አጥፎ በብብቱ ይዞ እየራሰ ይመጣል። ጉናሲሊ ከመንገዱ ዳር ጠበቀችው።

«ማሃትያ፣ እንዴት ሆነ?»

«በበዓሉ ይታያል።»

«ማን በለጠ?»

«ጉናሲሊ፣ በበዓሉ ይታያል አልኩሽ እኮ።»

ይህን ሲል ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ። እሷም ጃንጥላውን አየች፣ ያልተዘረጋውን፤ ሌላ መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ ህንድ በልጣለች።

እቤቷ ገብታ ከጓሮ ተቀመጠችና ቃጫ ፈተለች። እንደ ልማዷ ፈተለች፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ ፈተለች፣ ጥቂት ቃጫ ብቻ ይዛ፣ መዳፏን እኩሌታው መንገድ ላይ አቁማ። ገመዱ አልከረረም፤ እንደ እንቅልፋም ሰው ልል ብሎ ተኛ። በውፍረት ግን አንድ ዓይነት ነው። ከአንድ ጭብጥ ቃጫ የላላው ገመድ ከከረረው ይረዝማል። ይህን ማንኛዋም ፈታይ ታውቀዋለች፤ ልል ገመድ ውሃ ሲነካው ስለሚበታተን ግን ለነውር ካልሆነ ማንም አይፈትለውም። ጉናሲሊ በዕድሜዋ አንድም ቀን ልል ፈትላ አታውቅም። የአልቢን ቀለበት ውፍረትን ይለካል፤ ማክረርን አይለካም።

የአዲስ ዓመቱ ጠዋት ደረሰ። ሬዲዮው ሰዓቱን ተናገረ፤ በየደጁ ርችት ተንጣጣ፤ ከዛፉ ላይ የበዓሉ አብሳሪ የሆነችው የሚያዝያዋ ወፍ ትጮኻለች። ሴቶቹ አዲስ ልብስ ለብሰው፣ በወተት የበሰለ ሩዝና በዘይት የተጠበሰ ቂጣ በሰሐን ይዘው መጋዘኑ ገቡ። አልቢን ሁለቱን ክምሮች አስቀመጠ። ነጩና ቡናማው በዓይን ሲታዩ ብዙም አይራራቁም፤ ሲያነሷቸው ነው ቡናማው የሚከብደው። እህትማማቾቹ ጀርባ ለጀርባ ተቀመጡ።

ጉናሲሊ ጣቶቿን ነከረች። የመጀመሪያው ክንድ ከባድ ነበር፤ ስታከር የኖረች እጅ ማላላት እንደ ስድብ ይሰማታል። መዳፏ ወደ ፊት መሄድ ይፈልጋል፤ እሷ ታስቆመዋለች። ይሄዳል፤ ታስቆመዋለች። ገመዱ ከጉልበቷ ወርዶ በምንጣፉ ላይ ሲረዝም ልቧም አብሮ ይረዝማል። ደግሞ እንዳይበጠስ ትፈራለች፤ ከዚህ በላይ ካላላችው በራሱ ክብደት ይለያያል። የሚቻለው ጫፍ ላይ ደርሳ እዚያው ቆየች።

ከጀርባዋ የእህቷ ትከሻ ይንቀሳቀሳል። ካንቲ ስትፈትል ታወራ፣ ትዘፍን፣ ሰው ትሳደብ ነበር። ያን ዕለት ድምፅዋ የለም። ትንፋሿ ብቻ ይሰማል፣ አጭር አጭር፣ እንጨት እንደሚፈልጥ ሰው። ፖዲ ኖና አንገቷን አሰገገች።

«አንቺ ህንድ! ምነው እንዲህ አላበሽ? እዚያ ንጉሥ አጭቶሻል እንዴ?»

«ተቀጥሬ ነው» አለች ካንቲ፣ ቀና ሳትል።

«ከክርንሽ ጠብ አለ እኮ ላብሽ! ለኩዌት ይሁንሽ፣ አትጨርሺው።»

ሴቶቹ ሳቁ። እህቴ ለህንድ እንዲህ ከለፋች፣ እንዲረዝም ነው፤ መሄድ ፈልጋለች አለች ጉናሲሊ በልቧ። ይህን ካሰበች በኋላም መዳፏን እኩሌታው ላይ ማቆሟን አልተወችም።

አልቢን ሁለቱን ገመዶች በቀለበቱ አሳለፈ። አለፉ። ነጩን በሚይዝበት ጊዜ ጣቶቹ ትንሽ የዘገዩ መሰላት። በርጩማ ላይ ወጥቶ ከአዲሱ ምስማር ላይ ሰቀላቸው። ሁለቱም ተወዛወዙ፤ ከዚያ ቆሙ። ሴቶቹ ሁሉ ወደ ገመዶቹ ጫፍ ጎንበስ አሉ።

ቡናማው በአንድ ጣት ይበልጣል።

ከዚያ ካንቲ አጨበጨበች። «በቃ! ህንድ አሸነፈች! ስንት ዓመት ስትስቁብኝ ኖራችኋል፤ በሉ አሁን ሻንጣ ያላችሁ አበድሩኝ!» እየሳቀች ተራ በተራ አቀፈቻቸው። ሴቶቹም መሳቅ ቀለላቸው፤ የሚያለቅስ ሰው ካለ ማባበል ይከብዳል፣ ከሚስቅ ጋር መሳቅ ግን ቀላል ነው። ፖዲ ኖና ብቻ ቂጣዋን ሳትነካ አስቀመጠች። «ጥርስ ባዳ ነው» አለች በዝግታ። ጉናሲሊ ሰማቻት፤ የአሮጊት ማጉረምረም አድርጋ ወሰደችው።

አንድ ጣት። ትንሽ ጨምሬ ባላላው ኖሮ። እጄ ሲፈራ ባይቆጥብ ኖሮ። ይህ ነው ጠዋት ጠዋት መዳፏ ላይ የምትፈልገው።

ካንቲ የሄደችው ዝናቡ ሳይጠነክር ነው። ቀይ ሸሚዝ ለብሳ፣ ከደላላው መኪና መስኮት አንገቷን አውጥታ ትጣራለች። «ሳንዱ! እናትሽ ህንድን ከላይ ረግጣት ልታልፍ ነው፤ ከአውሮፕላኑ ላይ እጄን አወዛውዝላታለሁ!» ሕፃኗ በጉናሲሊ ዳሌ ላይ ሆና ተንከትክታ ሳቀች፤ መኪናው ከታጠፈም በኋላ ትስቅ ነበር። ሳንዱኒ ስለ እናቷ ከምታስታውሰው ሁሉ ጥርት ያለው ይኸው ነው፤ ቀይ ሸሚዝና ሳቅ።

በስልክም ያው ነበረች። እመቤቲቱ ከሰው ይልቅ ድመቶቿን እንደምታከብር፣ ቤቱ ስፋቱ መንገድ እንደሚያስጠፋ ታወራለች። አንድ ቀን «አካ፣ ጉድ ስሚ!» አለች። «በራቸው ላይ ያለው የእግር መጥረጊያ የኮኮናት ቃጫ ነው። ዘመድ ያገኘሁ መስሎኝ ገልብጬ አየሁት።»

«የእኛ ነው?»

«የህንድ! በወጣሁ በገባሁ እግሬን እጠርግባታለሁ፤ ደሜን እየመለስኩ ነው።»

ጉናሲሊ ሳቀች። ስልኩ ሲዘጋ ከደጃፋቸው መጥረጊያ ላይ ዘለላ ቃጫ ነቅላ ረጅም ጊዜ በጣቷ ስታዞረው ቆየች።

ከዚያ ዓመት በኋላ የህንድን ገመድ የሚፈትል አልተገኘም፤ ምስማርም አልተመታም። አልቢን አረጀ፣ ከተማ መውጣቱን ተወ፣ ሞተ። መጋዘኑን ሌሎች ተከራዩት። ቃጫው ሲወቃ የሚረግፈውን ቡናማ ብናኝ፣ አፈር ነው እያሉ ሐይቁ ዳር ሲደፉት የኖሩትን፣ አሁን እንደ ጡብ እየጠፈጠፉ አፈር ለቸገራቸው አገሮች ይልኩታል፤ ቲማቲም ይበቅልበታል አሉ። በእሱም ህንድ ትበልጣለች የሚል ወሬ አለ፤ የሚሰቅለው ሰው የለም እንጂ። ግድግዳው ኖራ ሊቀባ ሲሆን «ገመዳችሁን ውሰዱ» ተባለ። አንዷ ለላሟ፣ አንዷ ለውሃ መቅጃዋ ወሰደች። ጉናሲሊ የመጨረሻውን ምስማር ሁለት ገመድ አወረደች። ነጩን በእጇ ጠቀለለች፤ ቡናማውን ግን በደንቡ መሠረት ሳትነካው በእንጨት አንስታ በአሮጌ ጨርቅ ቋጠረችው። ሁለቱንም ከአልጋዋ ሥር አኖረቻቸው።

ካንቲ ሁለት ጊዜ ለዕረፍት መጥታ ተመለሰች። በሦስተኛው በታሸገ ሣጥን መጣች። ልቧ ነው አሉ። በእንቅልፏ ነው አሉ።

በዚያ አገር ሰው ሲሞት ከቤቱ ደጃፍ እስከ ዋናው መንገድ ገመድ ተወጥሮ ነጫጭ ባንዲራ ይሰቀልበታል፤ መንገደኛው አይቶ ድምፁን ዝቅ እንዲያደርግ ነው። ገመድ ሊገዛ የተላከው ጎረቤት ሰማያዊ የላስቲክ ገመድ ይዞ መጣ፤ በሱቅ ያለው እሱ ብቻ ነው። ፖዲ ኖና፣ ዓይኗ እየደከመ በልጅ ልጇ ተደግፋ የመጣችው፣ በእጇ ዳሰሰችውና ወረወረችው። «በገመድ ፈታዮች መንደር ካንቲ በላስቲክ ትሸኝ? እናንተ እፍረት የላችሁም?»

ጉናሲሊ ተነሥታ ከአልጋው ሥር ጨርቁን አወጣች። ሁለቱ ገመዶች ጫፍ ለጫፍ ተቀጥለው፣ ባንዲራ ተሰክቶባቸው ከደጃፉ እስከ አጥሩ በር ተወጠሩ፤ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ቡናማ። ካንቲ ከሥሩ አለፈች።

ሳንዱኒ ዛሬ ጋል ከተማ ነርስነት ትማራለች። በሳምንቱ መጨረሻ ስትመጣ ቤቱ እንደ ጥንቱ ድምፅ ያገኛል፤ ቀልዱም፣ ሳቁም የእናቷ ነው። ስለ እናቷ ለሚጠይቃት ሁሉ አንገቷን ቀና አድርጋ አንድ መልስ ትሰጣለች። «እናቴን ችግር አላባረራትም። ዓለም ልታይ ፈልጋ፣ እየሳቀች ነው የሄደችው።» ይህን ስትል ጉናሲሊ ራሷን ነቅንቃ ታጸድቃለች፤ «እውነቷን ነው» ትላለች፤ ሳህኑን ወደ እሷ ታስጠጋለች።

ሕይወቷ ሲጻፍ ጉናሲሊ ከጸሐፊዋ የራሷን አልሸሸገችም። «የኔን ልልነት ጻፊው» አለች። «አንድ ጣት ሊሰርቅ ሄዶ ያልተሳካለት ሌባ በዪኝ፣ አይከፋኝም።» ሳይጻፍ እንዲቀር የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ለሳንዱኒ ስትል፣ ያ ሳቅ እንዳይወሰድባት። ይህ ፊደል በዚያ መንደር አንባቢ የለውም። ስለዚህ፣ በዚህ ቋንቋ ብቻ፣ ቀስ ተብሎ እዚህ ይቀመጥ።

በቀብሩ ጠዋት፣ ሁለቱን ገመዶች ለመቀጠል በረንዳው ላይ በተቀመጠች ጊዜ፣ ጉናሲሊ የእህቷን ገመድ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጇ ያዘች። እንደ ብረት ነበር። ጠጣር፣ ድርቅ ያለ፣ እስከ መጨረሻው የከረረ፤ ጥፍር የሚገባበት ቀዳዳ አልነበረውም። በአገሩ እንዲህ ያለ ገመድ የሚፈትል የለም፤ መዳፍ ይልጣል። ለመቀጠያ የሚሆን ጫፉን ልትፈታ ስትሞክር ገመዱ ከጣቷ አመለጠና በራሱ እየተሽከረከረ ይላላ ጀመር። የያዘችው ስንዝር ክንድ ሆነ። ቃጫው እየተነፈሰ፣ እየተዘረጋ ከጉልበቷ ወርዶ ወለሉን ነካ። የዚያን ቀን ትንፋሽ፣ አጭር አጭሩ፣ ከጀርባዋ መልሶ ተሰማት። ካንቲ የፈተለችው እንዲያጥር ነበር።